ሙሽራዋ ያወጣችልኝ ስም

ጠረጴዛዬ ላይ አንዲት ሙዳይ አለች። ከሁለት ጭብጥ አትበልጥም፤ ክዳኗ ቀይና አረንጓዴ ነው። መቀመጫዋ ጠማማ ስለሆነ ባስቀመጥኳት ቁጥር ወደ አንድ ጎን ታዘነብላለች። ደሴ ላይ ክረምት ሲገባና ቤቱ እርጥበት ሲይዝ መሽተት ትጀምራለች። በውሃ የራሰ አክርማ፣ ያ የስፌት ሣር፣ ምን እንደሚሸት ታውቁ እንደሆነ እንጃ። ሣር ሣር ይላል፣ ግን ሣር ብቻ አይደለም፤ የቀለምና የሰው እጅ ሽታ አለበት። ያ ሽታ ሲመጣብኝ አርባ ዓመት ያለፈኝ ነርስ መሆኔ ይቀራል። ከመካነ ሰላም ወዲያ ባለችው መንደራችን፣ ደጃፋችን ላይ የጠዋት ፀሐይ እሞቃለሁ፤ አንዲት ሴትም «እቴ፣ ያን ወስፌ አቀብይኝ» ትለኛለች።

እቴ ሁለት ፊደል ብቻ ናት። ከተማ ውስጥ ረክሳለች ማለት ይቻላል፤ ሴቶች ወሬ ሲያጣጥሉ «ተይኝ እቴ» ይሉባታል፣ የሥራ ባልደረቦቼም ሲያሾፉብኝ በእሷ ይጠሩኛል፣ ማንም ውስጧ እህት እንዳለች አያስብም። እት ማለት ግን እህት ነው። እትዬም ከዚያው ነው የመጣችው፤ እታለምም፣ እታፈራሁም እንደዚሁ። የኔዋ እቴ ደግሞ እታገኘሁ ከሚለው ስም የተቆረጠች ናት። እህት አገኘሁ ማለት ነው። ስሙን ያወጣችልኝ የወንድሜ ሙሽራ ነበረች፤ ስሙን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

በኛ ቀዬ ሙሽራ የባሏን ወገን በስሙ አትጠራም፤ ነውር ነው። ስለዚህ ጫጉላው ሳያልቅ ለእያንዳንዱ የቤት ሰው አዲስ ስም ታወጣለች፤ በዚያ ስም የምትጠራው እሷ ብቻ ናት። ስም በሚወጣበት ዕለት እኔ ፀጉሬን ቅቤ ተቀብቼ፣ የዓመት በዓል ቀሚሴን ለብሼ ከማለዳ ጀምሮ እቁነጠነጥ ነበር። ብርቄ እንደምባል አልተጠራጠርኩም። ለጎረቤታችን ልጅ የወንድሟ ሚስት ብርቄ የሚል ስም አውጥታላት፣ ልጅቱ ሳምንት ሙሉ መቆሚያ መቀመጫ አሳጥታን ነበር።

ሙሽራዋ የመጣችው ከመንደራችን ጫካ ማዶ፣ ከሳይንት ነው። ዐሥራ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው። እናቴ ፊቷ ስትቀመጥ ቀና ሳትል «እናታለም» አለቻት፤ ሴቶቹ እልል አሉ። አባቴ ቀደም ብሎ ስለሞተ የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። እኔ ዘንድ ስትደርስ ዝም አለች። ዝምታው በጣም ከመርዘሙ የተነሣ አንዲት ሴት «ምነው፣ ሙሽሪት ስም አለቀባት እንዴ?» ብላ ቤቱን አሳቀችው። ያኔ ሙሽራዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝና «እታገኘሁ» አለች። የኛ ሰዎች እልል ሲሉ፣ ከሳይንት አብራት የመጣችው ሚዜ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ ለእሱ ደንታም አልነበረኝም። የአሮጊት ስም ወጣልኝ ብዬ ጓሮ ገብቼ አለቀስኩ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ እታገኘሁ አጠረችና እቴ ሆነች። እኔም እሷን እትዬ አልኳት። ልቅሶዬን ረሳሁት፤ ምክንያቱም እሷ እቴ ስትል አጠራሯ የብቻዋ ነበር። ለሥራ ስትጠራኝ ታሳጥራታለች፤ ስታባብለኝ ደግሞ መጨረሻዋን ትጎትታታለች። እናቴ ስትቆጣኝ ከበሩ ውጭ ቀስ ብላ «አብሽሪ እቴ» ትለኝ ነበር። አብሽሪ እኛ ወሎዎች፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ አይዞሽ የምንልበት ቃል ነው። አሁንም ድረስ ሰው አብሽሪ ሲለኝ ከኋላው ያችን ቃል እጠብቃለሁ።

እትዬ ስፌት ትችል ነበር። አክርማውን ቀይና አረንጓዴ ነክራ ገመድ ላይ ስትሰቅለው ደጃችን ያምር ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ ወስፌ ሰጠችኝና ሙዳይ አስጀመረችኝ። ሲጀመር ሣሩ በጣት ተጠቅልሎ በደንብ መጥበቅ አለበት፤ እኔ ግን አላልቼው ጎበጠብኝ። ተናድጄ ልፈታው ስል እጄን ያዘችኝ።

«ተይው፣ አትፍቺው» አለችኝ።

«ጠማማ ነዋ።»

«ይሁን። ያንቺ እጅ እንደሆነ ይታወቅበታል። በላዩ ቀጥዪበት።»

ቀጠልኩ፣ ተውኩት፣ እንደገና ጀመርኩት። ሦስት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ቀረ።

በገበያ ቀን ስፌቷን ይዛ መካነ ሰላም ስትወጣ እኔም እከተላታለሁ። ታዲያ በየሦስት ወሩ ገደማ ከገበያው በፊት ወደ ጤና ጣቢያው እናቀና ነበር። እኔን ከአጥሩ ጥግ፣ ከሌማቶቹ ጋር ታስቀምጠኝና ገብታ፣ ብዙም ሳትቆይ ክንዷን እያሻሸች ትወጣለች። መጀመሪያ «የወገብ መርፌ ነው» አለችኝ። አንድ ቀን ግን ወደ ቤት ስንመለስ ከባሕር ዛፎቹ ሥር አረፍ አልንና፣ ወገቧን የሚያማት ከሆነ ለምን ክንዷን እንደሚወጓት ጠየቅኋት። ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ጠፋ።

«ታላቅ እህት ነበረችኝ» አለች። «በወሊድ ነው የሞተች። ሦስት ቀን አምጣ አምጣ፣ በቃሬዛ ይዘዋት ሲሮጡ መንገድ ላይ ቀረች። እጇን ይዤ ነበር። ልጅ ጠልቼ እንዳይመስልሽ እቴ። ፍርሃቱ እስኪወጣልኝ ትንሽ ልቆይ ብዬ ነው።»

ያኔ ሚዜዋ ለምን ፊቷን እንደሸፈነች ገባኝ። እህት አገኘሁ ያለችው አንዷን ከቀበረች በኋላ ነበር። የሟች እህቷን ቦታ ነው ለኔ፣ ለዚያች የአሮጊት ስም ወጣልኝ ብላ ለምታለቅስ ልጅ የሰጠችኝ።

«ለማንም አትንገሪ» አለችኝ። እኔም በእመብርሃን ምዬ ቃል ሰጠኋት።

ሦስት ዓመት ሞላ። ወንድሜ ዝምተኛ ነው፤ የልጅ ነገር ውስጥ ውስጡን ቢበላውም አይናገርም። እናቴ ግን በየማኅበሩ፣ በየለቅሶው «ምራትሽ እንዴት ናት?» የሚሏት ሰዎች አንጀቷን አቁስለዋት ነበር። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ይህን ስለ እሷ መናገር አለብኝ። ምራቷን ስለምትወዳት ነው ሰባት ቀን ጠበል ላስጠምቃት ብላ የተነሣችው። እትዬ እምቢ አላለችም። ምን ብላ እምቢ ትላለች?

ወሩ ኅዳር ነበር፤ ሜዳው ጠዋት ጠዋት በውርጭ ነጭ ሆኖ ይታያል። ገና ጎሕ ሲቀድ፣ እህል ሳይቀመስ፣ ሦስታችን ጠበሉ ወዳለበት ገደል ሥር እንወርዳለን። እኔ የምትቀይረውን ልብስ እይዛለሁ። ጠበሉ ከድንጋዩ ላይ ሲወርድ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል፤ ቅዝቃዜው ከአጠገቡ ቆሞ ያለውን ሰው እንኳ ጥርስ ያስነክሳል። እትዬ ከሥሩ ገብታ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ ትቆማለች። እናቴ ከዳር ሆና እያለቀሰች «ማኅፀኗን ፍታልኝ፣ ያንተ ባሪያ ናት» እያለች ትለምናለች። በሦስተኛው ቀን የእትዬ ከንፈር ጠቆረ። በአራተኛው ቀን ድምፅዋ ተዘጋ። ነጠላ ሳለብሳት ጥርሷ እየተንገጫገጨ በሹክሹክታ «አብሽሪ እቴ፣ ሦስት ቀን ነው የቀረው» አለችኝ። ደረቷ ውስጥ እንደ ፉጨት ያለ ነገር ይሰማ ነበር።

በሰባተኛው ቀን እናቴ ሌላ ሰባት ቀን እንጨምር አለች።

እትዬ ራሷን ነቀነቀች፤ እሺ ማለቷ ነው። ተመልሳ ከውሃው ሥር ስትገባ አየኋት። ትሞታለች ብዬ አሰብኩ። እህቷ በቃሬዛ እንደሄደችው እሷም በቃሬዛ ስትሄድ ታየኝ። የእናቴን ቀሚስ ይዤ ጎተትኩና፣ «እማዬ፣ ተያት፣ አውጫት፤ ማኅፀኗ አልታሰረም፤ መርፌ ስለምትወጋ ነው» አልኳት። ተያት ብዬ ነው የነገርኳት። ከብርዱ አወጣኋት ብዬ ደግሞ ደስ ብሎኝ ነበር።

ይህን ነገር ቤት ውስጥ፣ እሳት ዳር ብናገረው ኖሮ የአንድ ሰሞን ኩርፊያ ሆኖ ባለፈ ይሆናል። ወንድሜም ቢሆን ቢነገረው የሚረዳ ሰው ነበር። እኔ ግን የተናገርኩት ጠበሉ ሥር ነው። እናቴ ስለቷን፣ እንባዋን፣ ሰባት ቀን ሙሉ ፈጣሪዋን የለመነችበትን ጉሮሮ አሰበች። ፊቷ ሲለወጥ አየሁት። ምራቷን አልተቆጣቻትም፤ ጮክ ብላም አልተናገረችም። ነጠላዋን ተከናንባ ብቻዋን ዳገቱን ወጣች። እኔና እትዬ ከኋላ ቀረን። «ምን ሆነች?» አለችኝ እትዬ በዚያ በተዘጋ ድምፅዋ። «እንጃ» አልኳት።

ሽማግሌዎቹ በማግስቱ መጡ። እኔ ከጓዳው በር ሥር ተቀምጬ እሰማ ነበር። እናቴ «መካን ናት አላልኩም፤ ጠበል ዳር አቁማ በእግዜር ፊት ቀልዳብኛለች ነው የምል» አለች። ማን ነገረሽ ሲሏት፣ «ልጄ ናት የነገረችኝ» አለች። እትዬ ያኔ ወደ ጓዳው ዞረች። የሷን ዐይን ያኔ አልቻልኩትም፤ ዛሬም አልችለውም። ወንድሜ «እውነት ነው?» አላት። «እውነት ነው» አለች። «ለምን?» አላት። ስለ እህቷ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እኔ አውቅ ነበር፤ ተነሥቼ መናገር ይገባኝ ነበር። አንድ ጊዜ ተናግሬ ያመጣሁትን ሳይ ግን ከተቀመጥኩበት አልተነሣሁም። መናገር የማይገባኝን ተናገርኩ፣ መናገር የሚገባኝን ዋጥኩ።

ሽማግሌዎቹ አፋቷቸውና በሦስተኛው ቀን ጠዋት አጎቷ ከሳይንት መጥቶ ወሰዳት። የሠርግ ሣጥኗን አጎቷ በበቅሎ ጫነላት፤ ስፌቶቿን ለእናቴ ተወችላት። እኔ ተደብቄ ከርሜ፣ ከመንደሩ ሲወጡ ሳይ ሮጬ ተከተልኳቸው። ባሕር ዛፎቹ ጋ ደረስኩባቸው። እትዬ ቆመች። ነጠላዬን ከትከሻዬ አንሥታ አንገቴ ላይ በደንብ ጠመጠመችልኝ፤ እጇ ያው አክርማ አክርማ ይሸት ነበር። እቅፍ አድርጋ እቴ እንድትለኝ ጠበቅሁ። ብትመታኝም ደስ ባለኝ። እሷ ግን በስሜ ጠራችኝ፤ አባቴ ባወጣልኝ፣ ሰው ሁሉ በሚጠራኝ ስም። በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ከአፏ ወጥቶ አያውቅም ነበር።

«ተመለሺ፣ ብርድ ነው» አለችኝ።

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ሙሽራ የባሏን ወገን በስሙ ከጠራች ወገኗ አይደለም ማለት ነው። ይህን ማንም ሊያስረዳኝ አላስፈለገም፤ የኛ አገር ልጅ ነኝ።

ወንድሜ በዓመቱ ሌላ አገባ። አዲሷ ሙሽራ ስም ስታወጣ እኔን ብርቄ አለችኝ። ሴቶቹ እልል አሉ። የተመኘሁትን አገኘሁ እንግዲህ።

ተማርኩ፣ ደሴ ገባሁ፣ ነርስ ሆንኩ። ዛሬ ያንን መርፌ የምወጋው እኔ ነኝ። አንዳንድ ልጆች ከበሩ ውጭ ታናሽ እህት አስቀምጠው ይገባሉ፤ ገና ሳይናገሩ አውቃቸዋለሁ። ክንዳቸውን እያሸሁ «አብሽሪ» እላቸዋለሁ፤ ከዚያ በላይ ማለት አልችልም። እትዬ አጅባር አጠገብ አግብታ እንደምትኖር ሰምቼ ነበር። ከደሴ አውቶቡስ አለ። ሰንበት በመጣ ቁጥር ልሄድ እነሣና ደግሞ አንድ ሰበብ አገኛለሁ። የሥራ ተረኛ ነኝ፣ መንገዱ ተበላሽቷል፣ ልጄ አሞታል፣ ዓመቱም ያልቃል።

ያለፈው መስከረም ወንድሜ ከመካነ ሰላም ደወለልኝ። ሰላምታ ተለዋውጠን ከጨረስን በኋላ አልዘጋም። «ያቺ…» አለና ቆመ። ሚስቴ እንዳይል አይደለችም፤ ስሟን መጥራት አፉ አልታዘዝ አለው። «ያቺ የሳይንቷ ሰው አርፋለች አሉ» አለኝ።

በነጋታው አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ለቅሶ ቤቱ ስደርስ ቀብሩ ካለፈ አራተኛ ቀኑ ነበር። ሴቶቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ። አንዷ አሮጊት «ምኗ ነሽ ልጄ?» አለችኝ። ሰው ለቅሶ ሲደርስ የሚጠየቀው ይህ ነው፤ አክስቷ፣ አበልጇ፣ የጡት ልጇ ብሎ ይመልሳል። እኔ ግን «የድሮ ጎረቤት» አልኳት።

ጥቁር የለበሰች፣ ሃያ ዓመት የሚሆናት ልጅ ንፍሮ አቀረበችልኝ። የእትዬ ልጅ እንደሆነች ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገኝም። እትዬ ፍርሃቷ ወጥቶላት ወልዳለች ማለት ነው። የማውቀው ሳቅ ቢኖር እዚያ ፊት ላይ ነበር፤ ብቻ የዚያን ቀን አይስቅም። ፊቷን ላለማየት ቀና ስል ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ስፌቶች ታዩኝ። ከትልልቆቹ ሌማቶች መሀል አንዲት ትንሽ ሙዳይ ጎብጣ ተሰቅላለች። ከታች ሦስት ጣት ያህሉ የላላ፣ የተወላገደ የልጅ እጅ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ጥብቅ ያለ፣ የሚያምር ስፌት ነው።

ንፍሮውን መሬት አስቀመጥኩ።

«ያቺን ማን ነው የሰፋት?» አልኳት ልጅቱን።

«እናቴ ናት። የጀመረቻት ግን እቴ ናት።»

«እቴ ማናት?»

አጠገቤ ቁጭ አለች። ሰው ስለ እናቷ ሲጠይቃት ደስ ያላት መሰለኝ። «እናቴ ሁለት እህት ነበረኝ ትል ነበር» አለችኝ። «ታላቋ በወሊድ ነው የሞተች። ትንሿ እቴ ናት። ወስፌ ጣቷን ሲወጋት ‹ወይ እቴ› ትላለች፤ አዲስ ስፌት ስትጀምርም ‹እቴ ብታይልኝ› ትላለች። ሌላውን ሁሉ ስትሸጥ ያቺን ሙዳይ አልሸጠቻትም። እኛ እንኳ ጠማማውን ፍቺና አስተካክዪው ስንላት እምቢ ብላናለች።»

«እቴስ?» አልኩ።

«እሷም ሞታለች መሰለኝ። እናቴ ሞተች አላለችንም። እኛ ነን እንዲህ ተወዳ ካልመጣች መቼም ሞታ ነው ያልን። ምነው፣ እርስዎ ያውቋታል?»

ሠላሳ ዓመት ያህል ስሙን ቀማችኝ እያልኩ ነው የኖርኩት። ለካ እሷ ከሙዳይዋ ጋር ሣጥኗ ውስጥ ከትታው ሄዳ፣ በየቀኑ ትጠራበት ኖሯል። የዚያን ቀን ለምን በስሜ እንደጠራችኝ አሁን የሚነግረኝ የለም። ሽማግሌ የፈታው ቤት ስለሆነ ይሆናል፤ አጎቷ እየሰማ ስለሆነም ይሆናል። እኔ ስለበደልኳት ነው ብዬ ነበር የደመደምኩት፤ ሄጄም አልጠየቅሁ።

«የጀመርኳት እኔ ነኝ» አልኳት።

ልጅቱ ሙዳይዋን አየች፤ ተመልሳ እኔን አየች። ቁጣ አልነበረባትም። ከልቧ ልታውቅ ፈልጋ ነው የጠየቀችኝ፤ እስከዚያ ድረስ እርስዎ ስትለኝ የነበረችው ልጅ አንቺ አለችኝ፣ የቤት ሰው ሆኜ።

«ካልሞትሽ ታዲያ ለምን ሳትመጪ ቀረሽ?»

ለእሷ አልነገርኳትም። ለእናንተ ግን እነግራችኋለሁ። እንደገና በስሜ እንዳትጠራኝ ፈርቼ ነው።

ስወጣ ሙዳይዋን ከግድግዳው አውርዳ ሰጠችኝ። አልፎ አልፎ ከአጅባር ትደውልልኛለች። ስልኩን ሳነሣ መጀመሪያ ዝም ትላለች፤ ምን ብላ እንደምትጠራኝ አታውቅም። እኔም አልነግራትም፤ ያችን ቃል እጠብቃለሁ። ከዚያ «እንዴት ዋልሽ» ትለኛለች፤ እኔም «ደኅና፣ እግዜር ይመስገን» እላታለሁ።